ያላነበበ ቡና ያፈላል

ደብረ ታቦር ውስጥ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። አንድ ዓመት ተማሪዎቼን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብባችሁ ጻፉ አልኳቸው። 40 ወረቀት መጣልኝ። አብዛኛው ላይ ያው አረፍተ ነገር፣ ያው የፊደል ስህተት! ከአንድ ቦታ ነው የተቀዳው። ተናደድኩ። ማታ ግን ራስጌዬ ያለውን መጽሐፍ አየሁት፤ ዕልባቱ ከገና ጀምሮ ገጽ 30 ላይ ነው። ለካስ እኔም የማነበው ለማስተምረው ያህል ብቻ ኖሯል።

በዓመቱ አሠራሩን ቀየርኩ። ለስድስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ሰጠሁ፤ አንዱ ጋ ከሁለት ሌሊት በላይ እንዳያድር ተስማማን። ዓርብ ከሰዓት ቡና እየጠጣን እናወራለን። ነጥብ የለውም፤ ያላነበበ ግን ቡና ያፈላል። የመጀመሪያው ሳምንት ለጀበናው ተራ ያዙ። በሦስተኛው ሳምንት «መጽሐፉን አዘገየህብን» የሚል ጭቅጭቅ ሰማሁ። ደስ አለኝ።

አንድ ዓርብ ስለ ሰብለ ወንጌል አባት ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ተከራከሩ። አንዱ «ባል የሚያማርጡት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው» አለ። ከጉና ተራራ ሥር የመጣች ዝምተኛ ተማሪ ቀና ብላ፣ «ይወዷታል፤ ግን አልጠየቋትም» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ለፋሲካ አገሯ ስትሄድ መጽሐፉን አስፈቅዳ ወሰደች። አባቷ በወጣትነታቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ቤት እየሄዱ ያዳምጡ ነበር፤ የሬዲዮው ድንጋይ አልቆ መጨረሻውን ሳይሰሙ ቀርተዋል። ማታ ማታ አነበበችላቸው።

«ሲያልቅ ምን አሉ?» አልኳት።

«ብዙ ዝም አሉ፣ ቲቸር። ከዚያ ‹እኔም እኮ ታላቅሽን ስድር አልጠየቅኋትም› አሉ።»

ቡና ልታፈላ ተነሣች፤ ተራዋ ግን አልነበረም።

ዛሬም የተቀዳ ወረቀት አልፎ አልፎ ይመጣል። ግን ልጅ አንብብ ስለተባለ አያነብም፤ የሚያወራው ሰው ሲያገኝ ያነባል። ይህን ቤቴ አስገብቼዋለሁ። ከአሥር ዓመት ልጄ ጋር አንድ መጽሐፍ በጋራ ይዘናል፤ እሑድ እናወራበታለን፣ ያላነበበ ሳህን ያጥባል።

ባለፈው እሑድ ያጠብኩት እኔ ነኝ።