ድንጋዩ የት ነው ያለው?

የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ስታነቡ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ይገባኛል።

ባሕር ዳር ጂኦግራፊ ሳስተምር በየዓመቱ አንድ ሥዕል ሰሌዳው ላይ እስል ነበር፦ መሬት፣ ጨረቃ፣ በመሬት ዙሪያ ያበጠ ውሃ። "የጨረቃ ስበት የባሕሩን ውሃ ይስበዋል። በብዙ ቦታ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ይጎድላል።" አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ተናደድኩ። "ቁጭ በል!" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ከጣና ሌላ ትልቅ ውሃ አይቼ አላውቅም ነበር።

አሁን የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው፣ ሐይቅ ላይ ዳክዬ ማደን አስተማረኝ። የዕድሜ ልክ ምኞቱ አትላንቲክ ዳር፣ ሜይን ሄዶ አይደር የምትባለውን ትልቋን የባሕር ዳክዬ ማደን ነው። ጉልበቱ እየከዳው ነውና "ዘንድሮ ካልሄድን ከዚያ በኋላ አልሄድም" አለኝ። ሁለታችንም የማናውቀው አገር ነው። እቅዱን ለእኔ ተወው።

እኔም ተሯሯጥኩ። የአደን ፈቃዱ፣ የ25 ዶላሩ የፌደራል ዳክ ስታምፕ፣ እርሳስ የሌለበት ጥይት (ለውሃ ወፍ እርሳስ በመላ አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ክልክል ነው)፣ ሁሉም ተሟላ። ሜይን ውስጥ እሑድ ስለማይታደን ቅዳሜን መረጥኩ። ከሳተላይት ካርታ ላይም ከደሴቶቹ ወጣ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘሁ። ጀልባ ጎሕ ሲቀድ ያደርሰናል፣ እኩለ ቀን ላይ ይመልሰናል። በእቅዴ ኮራሁ።

እዚያው ጠረፍ ላለ አንድ የአደን መሪ ላክሁለት። የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ የት ነው ያለው?"

የውሃውን መውጫና መውረጃ ሰንጠረዥ ከፈትኩ። በዚያ ቀን ውሃው ዝቅ የሚለው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የሚሞላው ሰባት ሰዓት ላይ። ልዩነቱ ሦስት ሜትር ገደማ። የእኔ ድንጋይ ውሃው ሲጎድል እንኳ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጀልባው ሊመልሰን ሲመጣ የምንቆምበት ነገር አይኖርም ነበር። ጉልበቱን የሚያመውን ሽማግሌ ይዤ!

ስድስቱን ሰዓት አውቀው ነበር እኮ። ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፣ የተሳሳተ ልጅ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። ግን ጣና ክረምት ሞልቶ በጋ የሚጎድል፣ በወራት የሚለወጥ ውሃ ነው። ልቤ ውስጥ ያለው ውሃ ያ ነው።

ሰውየው በስልክ ብዙ አስረዳኝ። በክረምት እዚያ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመጀመሪያዋን ደቂቃ ትንፋሹን ለመቆጣጠር ይታገላል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ እጁ አይታዘዘውም። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ይለበሳል እንጂ ወንበር ሥር አይቀመጥም። የምንመለስበትን ሰዓት ቤት ለቀረ ሰው እንነግራለን። ስለ ወፏም ነገረኝ፦ ሴቷ አይደር መራባት የምትጀምረው ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው፣ የምትጥለውም አራት አምስት እንቁላል ነው። እኛም ጥቁርና ነጩን ወንድ ብቻ፣ ለየራሳችን አንድ አንድ ብለን ተስማማን።

እቅዱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። አሁን የሚጀምረው ከመመለሻው ነው። የሚመራንም እሱ ነው፣ ከጀልባው አንወርድም።

ባሕር አጠገብ ያደጋችሁ፣ ምጽዋም አሰብም፣ ምክር ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

አንተ ከኋላ ወንበር የነበርከው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፦ አላየሁትም ነበር። ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ ያኔ መመለስ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።