ጎብዬ፦ ማድቤትም ትምህርት ቤት ነው

ሰው ከአገሩ ርቆ ሲኖር መጀመሪያ የሚቸግረው ምንድን ነው? ቋንቋ ነው የሚል አለ። ቤት ነው የሚልም አለ። እኛ ግን ምግብ ነው እንላለን። ቋንቋ ቀስ ብሎ ይለመዳል፤ ሆድ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ስለዚህ ሰው አገር የገባ ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚማረው ማድቤት ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት ይህን ትምህርት ጎብዬ ወርደን እንየው።

ጎብዬ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ፣ ወልድያንና ቆቦን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ደጋው ከፍ ብሎ ይታያል። ከቆቦ በስተምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራራ አለ። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ የራያ ቆላ ነው። ክረምት ላይ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አፈር ይዞ ይመጣል። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ሙቀቱ ይከብዳል። ዝናቡም አንዳንድ ዓመት ይከዳል። ይህን ሁሉ የሚችል እህል ማሽላ ነው። እንግዲህ የጎብዬን ምግብ መማር ማለት ማሽላን መማር ማለት ነው።

ማሽላና ደገኛው

ከደጋ ወርዶ ጎብዬ የሚሰነብት ሰው ጤፍና ስንዴ የለመደ ነው። የማሽላ ዱቄት ይገዛል። እንደለመደው ያቦካና ይጋግራል። እንጀራው ግን ይደርቅበታል፤ ሲጠቀልለውም ይሰባበርበታል። «ማሽላ እንጀራ አይሆንም» ይላል። እንዴ! የጎረቤቱ የማሽላ እንጀራ እኮ ለስላሳ ነው። እህሉ አንድ፣ ምጣዱም አንድ ነው። ልዩነቱ ሙያው ነው። ስለዚህ ደገኛው ወደ ጎረቤት ማድቤት ገብቶ ይማራል።

ትምህርቱ ከእህሉ ይጀምራል። ለእንጀራ የሚመረጠው ነጩ ማሽላ ነው። ቀዩ ዘንጋዳ መረር ስለሚል ለጠላ ይሆናል። እህሉ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ይነፋል፤ ከዚያ ይፈጫል። ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል። በቆላ ሙቀት ሊጥ ቶሎ ስለሚቦካ፣ የደጋን ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው እንጀራው ይኮመጥጥበታል።

ሊጡ ሲቦካ ከላይ የቀረረው ውሃ ይደፋል። ከዚያ ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ እየተማሰለ ይበስላል። አብሲት የሚባለው ይህ ነው። አብሲቱ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ማሽላ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ነገር የለውም። አብሲቱ ሲበስል ስለሚወፍር ሊጡን ያያይዘዋል። እንጀራው ዓይን እንዲያወጣም ይረዳዋል። ጥቂት ጤፍ ከተገኘና ከተቀላቀለ ደግሞ እንጀራው ይበልጥ ይለሰልሳል።

እሳቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የማሽላ አገዳ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ለማገዶም ይሆናል። ግን ቶሎ ይነድና ቶሎ ይጠፋል። እንጨት የለመደ ሰው እሳቱን ረስቶ ወሬ ከያዘ ምጣዱ ይቀዘቅዝበታል። ጋጋሪዋ በአንድ እጇ ሊጥ ታዞራለች፣ በሌላው አገዳ ትማግዳለች።

በዚህ ትምህርት ቤት ሚዛን የለም። መስፈሪያው እፍኝ፣ ጭልፋና ጣሳ ነው። «እትዬ፣ አብሲቱ ስንት ውሃ ይበቃዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ሲወፍር ታዩታላችሁ ልጆቼ፤ ዓይናችሁ ይንገራችሁ እንጂ በምን ልስፈረው!» ይሏችኋል። መልሱ ቀልድ አይደለም። እውቀቱ ያለው በዓይናቸውና በእጃቸው ነው።

እንግዳ የሆነ ተማሪ የሚጠይቀው ሌላም ነገር አለ። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ነው። ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ፣ ክርስቲያኑም የክርስቲያን እርድ ይበላል። ስለዚህ በድግስ ጊዜ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል። ወጡም ለየብቻ ይሠራል። ማንም ሳይከፋው ሁሉም በልቶ ይመርቃል። ይህን ያላወቀ ሰው ወጥ ቢያጣፍጥም ሙያው ጎዶሎ ነው።

ስም የሚናገረው

የወሎ ገበሬ ለማሽላ ዘሮቹ ያወጣውን ስም ስሙ። አንዱ «ወተት በጉንጬ» ይባላል። ሌላው «ስንዴ ለምኔ» ነው። «ማርጩቄ» የሚባልም አለ። ስሞቹ ጣዕም ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የሄዱ ማሽላዎችን መርምረው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ሁለቱ ዘሮች ለሰውነት ግንባታ የሚረዳ ላይሲን የተባለ ነገር ከሌላው ማሽላ በጣም አብልጠው ይዘው ተገኙ። ተመራማሪው በመሣሪያ ከመመርመሩ በፊት ገበሬው በምላሱ ዘር መምረጥ ያውቅበት ነበር።

ጎብዬ የሚባል የማሽላ ዘርም አለ። አቀንጭራ የሚባለው አረም ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ሰክቶ ይመጠዋል። ጎብዬ የተባለው ዘር ይህን አረም ይቋቋማል። ለገበሬ የተለቀቀው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ሥራቸው ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ከጎብዬ ወደ ውጭ

እስካሁን ያየነው ወደ ጎብዬ የመጣውን ሰው ነው። ከራያ ቆላ ወደ ውጭ የሚሄደውስ? ከዚህ አካባቢ በርካታ ወጣቶች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ በሰው ቤት ይሠራሉ። እነሱም እንደ ደገኛው ከአዲስ ማድቤት ጋር ይገናኛሉ። ግን ልዩነት አለው። ደገኛው እንጀራው ቢሰባበርበት ይስቃል፤ ነገ ይሞክራል። ሠራተኛዋ ግን ምግቡ ቢበላሽባት እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች።

ሳውዲ ዐረቢያ ካብሳ አለ። ሩዝና ሥጋ በቅመም አብረው ይሠራሉ። ቅመሙ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ነው። አያችሁ፣ ስሞቹን እናውቃቸዋለን፤ ዐረቡም በተቀራራቢ ስም ይጠራቸዋል። ሊባኖስ ታቡሌ አለ። ቅጠሉ ደቅቆ ተከትፎ፣ ከተከካ ስንዴና ከሎሚ ጋር ይቀላቀላል። ሱዳን ደግሞ ኪስራ አለ። የቦካ የማሽላ ሊጥ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይጋገራል። የጎብዬ ልጅ እዚያ ብትሄድ እህሉ የራሷ ነው፤ አዲስ የሚሆንባት አጋገሩ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንዲጨርስና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ይጠይቅ ነበር። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የሙያ ሥልጠናው ግን አልቀረም። ለቤት ሠራተኞች የሚሰጠው ሥልጠና ምግብ ማብሰልንም ይጨምራል። ያለ ሥልጠና፣ በደላላ የምትሄደው ልጅ ግን ይህን ሁሉ ሳታይ ነው የምትገባበት።

ማንበብና መጻፍ የሚያድነው እዚህ ላይ ነው። ውሏን የምታነብ ልጅ የምትፈርመውን ታውቃለች። በኪሷ ትንሽ ደብተር የያዘች ደግሞ የዐረብኛውን ስም እንደሰማችው በራሷ ፊደል ትጽፈዋለች። «ሚልህ፣ ጨው። ዜት፣ ዘይት።» በረኪናውን ከኮምጣጤው ለመለየትም በጠርሙሱ ላይ የራሷን ምልክት ትጽፋለች። የነገሯትን ሁሉ በጭንቅላቷ ከመያዝ ትድናለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልጂቱ ካብሳ ስትማር ሦስትና አራት ዓመት ያልፋል። የእናቷን አብሲት ማን ይማረው? እናት ትደክማለች፤ ጉልበት ያልቃል። ሙያ በልብ ነው ይባላል። እውነት ነው። ልብ ውስጥ ብቻ የቀረ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ሙያ በደብተርም ይሁን።

መልመጃ

እናታችሁን፣ አያታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ጠይቁ። አንድ የቤታችሁን ምግብ ምረጡ። ከእህሉ እስከ መሶቡ ያለውን አሠራር በ5 መስመር ጻፉ። ሲጨርሱ የነገሩዋችሁን መልሳችሁ አንብቡላቸው። የቀረ ነገር ካለ ራሳቸው ያርሟችኋል።