ከነገሌ ቦረና እስከ ሻኪሶ፦ ያልተቆጠረው በሽታ

ስለ ካንሰር ሲነሣ በአብዛኛው የሚወራው ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ግን ሰው ስለሚኖርበት ሥፍራ ነው፤ ስለሚጠጣው ውኃ፣ ስለሚተነፍሰው ጢስ፣ ከደጁ ስላለው አፈር። ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ጥያቄም ነውና ከነገሌ ቦረና ልጀምር።

ነገሌ ውኃን የፖለቲካ ጥያቄ ያደረገች ከተማ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም በዚያ የሠፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር በምግቡ ብልሹነትና በመጠጥ ውኃ እጦት ተማርሮ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳም ተከልክሎ፣ አዛዦቹን አሠረ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያጣሩ የላኳቸው ጄኔራልም ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተገደዱ። አብዮቱ በኋላ ብዙ አባቶች ወጡለት፤ ከመነሻዎቹ አንዱ ግን የጉድጓድ ውኃ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ከነገሌ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በአዶላ አካባቢ፣ ሻኪሶ አለች። የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ በአጠገቧ ነው። ማውጫው እ.ኤ.አ. በ1997 ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ወርቅ ተዛወረ። በ2010 ዓ.ም ፈቃዱ ለ10 ዓመታት መታደሱ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። እናቶች ፅንስ እንደሚጨነግፍባቸው፣ ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው እንደሚወለዱ፣ ከብቶችም እንደሚሞቱ ተናገሩ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። መንግሥት በግንቦት ወር ፈቃዱን አገደ፤ በ2013 ዓ.ም ማውጫው ሥራውን ቀጠለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2015 ዓ.ም ባወጣው ጽሑፍ፣ ብክለቱ ለዓመታት ችላ መባሉን ጠቅሶ፣ ስለ አካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ውጤት ለነዋሪው አለመገለጹን ወቀሰ። ለመሆኑ ስለሚጠጣው ውኃ የተጻፈ ወረቀት ከጠጪው የሚደበቀው ስለ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በአካባቢው ወሬ ጥፋተኛው ሁሉ “ሳያናይድ” ነው። ሳያናይድ ቶሎ የሚገድል መርዝ ነው እንጂ ካንሰር አምጪ ተብሎ አልተፈረጀም። ለካንሰር ይበልጥ የሚፈራው አርሴኒክ ነው። አርሴኒክ በብዙ የወርቅ ዓለቶች ውስጥ አብሮ ይገኛል፤ ዓለቱ ተፈጭቶ ዝቃጩ በሚገባ ካልተያዘ ወደ ወንዝና ወደ ጉድጓድ ሊደርስ ይችላል። ቀለም የለውም፤ ሽታና ጣዕምም የለውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል፤ ለዓመታት በመጠጥ ውኃ ሲወሰድ የቆዳ፣ የሳንባና የሽንት ፊኛ ካንሰር ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ባንግላዴሽን ያየ ይህን ያውቃል፤ ሕዝቡን ከተቅማጥ ለማዳን ተብለው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ብዙዎቹ አርሴኒክ እንዳለባቸው የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነበር። በሽታው የሚገለጠው ከአሥርና ከሃያ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፈቃድ የፈረመው ሹም ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ አምባሳደር ሆኗል።

የሻኪሶ ውኃ ካንሰር አምጥቷል ብዬ አልፈርድም። እንዲህ ብሎ ለመፍረድ መቁጠር ያስፈልጋል፤ የእኔም ቅሬታ ያለው ከቆጠራው ላይ ነው።

ነገሌ የሚኖሩ አንዲት አክስት ነበሩኝ። አርባ ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ማድ ቤት በእንጨት ሲያበስሉ ኖረዋል። መዋጥ ሲያቅታቸው በአካባቢው ያሉ ጤና ባለሙያዎች ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ሰጧቸው። ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ ሲደርሱ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ተባሉ፤ ጊዜውም አልፎ ነበር። የሕክምና ካርዳቸውን ያየሁት እኔ ነኝ። አድራሻ በሚለው መስመር ላይ “ኦሮሚያ” ብቻ ተጽፏል። ነገሌ የለችም። ቀበሌ የለም። በ2015 ዓ.ም ከጉጂ ወጥታ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ስትሆን ያን ያህል ያጨቃጨቀች ከተማ፣ በአንድ በሽተኛ ካርድ ላይ የምትጻፍበት ሥፍራ አላገኘችም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ ጎልቶ እንደሚታይ ልናውቅ የቻልነው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የበሽተኞቹን የትውልድ አካባቢ የጠየቁ ሐኪሞች ስለነበሩ ነው። ባሌ ደግሞ የነገሌ ጎረቤት ነው፤ ገናሌን ከተሻገሩ የባሌ ቆላ ነው። ተመራማሪዎች በእጅጉ የሚፋጅ ምግብና መጠጥን፣ የማድ ቤት ጢስን፣ ጫትንም ይጠረጥራሉ። ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ያው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል፤ የማገዶን ጢስም ከዚሁ ምድብ አስገብቶታል። ድርሻቸው ምን ያህል ነው የሚለው ግን ገና አልተቋጨም። በሥፍራ ተለይቶ ባይጠየቅ ኖሮ ጥርጣሬውም አይኖርም ነበር።

በአገራችን የነዋሪውን ሁሉ ካንሰር የሚመዘግብ መዝገብ በአዲስ አበባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የኢትዮጵያ እየተባለ የሚጠቀሰው ግምት ለዓመታት በዋናነት የተሰላው ከዚሁ ከተማ ቁጥር ተነሥቶ ነው። እንግዲህ የቧንቧ ውኃ ከሚጠጣና በኤሌክትሪክ ከሚጋግር የቦሌ ነዋሪ ተነሥቶ የዋደራን፣ የሊበንን፣ የሻኪሶን ሰው ዕጣ መተመን ማለት ነው። ከለገደንቢ የሚወጣው ወርቅ በግራም ይመዘናል፤ በዙሪያው የሚታመመው ሰው ግን በክልል ስም ይጻፋል።

የውኃ ምርመራው ውጤት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተጽፎ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይለጠፍ እላለሁ፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ። በካንሰር ተጠርጥሮ የሚላክ በሽተኛ ሁሉ ቀበሌው፣ በዚያ የኖረበት ዘመንና የሚቀዳበት ውኃ ይጻፍ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ በካርዱ ላይ ሦስት መስመር መጨመር ይበቃል።