ከተሞክሮዬ፦ ግራፊክስ ካርድ ሲግል

ጌም ሲጫወቱ ኮምፒውተራቸው እየጋለ የሚያስቸግራቸው ጓደኞቼና የሰፈር ልጆች ሲያማክሩኝ፣ አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጥሩ ፋን የት እንደሚገኝ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው ካርዱ ምን እየሠራ እንደጋለ ነው። ፋን የተፈጠረውን ሙቀት ያስወጣል እንጂ እንዳይፈጠር አያደርግም። የራሴንም የሰውንም ማሽን ለዓመታት ስፈታና ስገጥም የያዝኩት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ፣ ቀጥሎ የአየሩን መንገድ መክፈት፣ ዕቃ መግዛት ከሁሉም በኋላ።

ሳይለካ አይፈረድም

ኬዙን በእጅ ዳሶ «ያቃጥላል» ማለት ምንም አይነግረንም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር፣ ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብልዩኢንፎ በነፃ ይገኛሉ፤ አንዱን መጫንና ቁጥሩን ማየት ነው። ታዲያ ጌሙ በተከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚታየው ቁጥር ያሳስታል። ሂትሲንኩም (ከቺፑ ሙቀት የሚቀበለው ብረት)፣ ኬዙም፣ ክፍሉም ገና አልሞቁም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከተጫወቱ በኋላ የሚታየው ነው ትክክለኛው።

ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 1060 ያስቀመጠው የሙቀት ጣሪያ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለአርቲኤክስ 3060 93፣ ለአርቲኤክስ 4060 ደግሞ 90 ነው። ካርዱ ግን ጣሪያው ላይ እስኪደርስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። 1060ን ብንወስድ ሴቲንጉ ካልተነካ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ የሙቀት የመጀመሪያ ምልክቱ ጭስ ወይም የሚቃጠል ሽታ አይደለም። ጌሙ ሲጀመር ጥሩ ይሄድና ቆየት ብሎ መቆራረጥ ያመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ካርዱ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ለመግዛት ይነሳል፤ ያ ሁሉ ብር ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩን አንዴ ማየት ይገባው ነበር።

እኔ 70ዎቹ ውስጥ ያለ ካርድ አያሳስበኝም። 80ን ሲያልፍ እከታተለዋለሁ፤ 85ን አልፎ እዚያው ከቆየ እከፍተዋለሁ። ላፕቶፕ ላይ ትንሽ ከፍ ያለውንም እታገሣለሁ፣ ቦታው ጠባብ ነውና። የኤኤምዲ ካርድ ያላቸው ደግሞ የትኛውን ቁጥር እያዩ እንደሆነ ይለዩ። «ጀንክሽን» ወይም «ሆትስፖት» የሚባለው ከቺፑ ላይ በጣም የጋለው ነጥብ ነው። ኩባንያው ለአርኤክስ 5700 ካርዶቹ ይህ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ ቢወጣ በታሰበለት ልክ ውስጥ ነው ብሏል። 100 ሲያዩ የሚደነግጡ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያዩት እሱን ነው።

ዓይን የማያየውን ፍሬም አለማስሠራት

ከሁሉም በላይ ውጤት ያየሁበት ይህ ነው፤ አምስት ሳንቲምም አያስወጣም።

60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይም። ገደብ ካልተበጀለት ግን ካርዱ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ይሥላል፤ ቀለል ያለ ጌም ከሆነ 150፣ 200 ፍሬም። ትርፉ ዓይናችን ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ እሱን ለመሥራት የገባው ኤሌክትሪክ ግን በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እኔን በጣም የሚያናድደኝ የጌሙ መግቢያ ገጽ ላይ የሚሆነው ነው። አንድ የቆመ ምስልና «ጀምር» የሚል ጽሑፍ ብቻ እያለ የፍሬም ቆጣሪው ብዙ መቶዎች ላይ ይወጣል፤ ካርዱ ውስጥ ያሉት ጥቅልሎች ቀጭን የፉጨት ድምፅ ያሰማሉ፤ ፋኑም ይጮኻል። ልጁ ምሳ ሊበላ ሄዷል፣ ካርዱ ማንንም ሳይጠቅም ይለፋል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2010 ስታርክራፍት 2 ሲወጣ መግቢያ ገጾቹ ገደብ ስላልነበራቸው ካርዶች ከመጠን በላይ ይግሉ ነበር። ብሊዛርድም ተጫዋቾች በጌሙ የሴቲንግ ፋይል ውስጥ የሚጨምሩትን መስመር አሳወቀ፤ በጨዋታ ላይ 60፣ በመግቢያ ገጽ ላይ 30 ፍሬም። በሐምሌ 2021 ደግሞ የአማዞኑ ኒው ወርልድ በሙከራ ላይ ሳለ ውድ የሆኑ አርቲኤክስ 3090 ካርዶች እስከ ወዲያኛው ሞቱ። አብዛኞቹ የኢቪጂኤ ነበሩ፤ ኩባንያው ካርዶቹን ተክቶ ምክንያቱ የብየዳ ጉድለት እንደሆነ ተናገረ፤ ጌሙም በመግቢያ ገጹ ላይ የፍሬም ገደብ ተደረገለት። ከዚህ የምወስደው ጤነኛ ካርድ በፍሬም ብዛት ይሞታል የሚል አይደለም። የተደበቀ ጉድለት ያለበት ካርድ ግን ጉድለቱ የሚወጣው እንዲህ ያለ ከንቱ ጭነት ሲያገኘው ነው። የእኛ ካርድ ደግሞ ጉድለት ይኑርበት አይኑርበት ማን ያውቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በኤንቪዲያ ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ ባሉት ድራይቨሮች ውስጥ በኮንትሮል ፓነሉ «ማክስ ፍሬም ሬት» የሚል አለ። በኤኤምዲ ሶፍትዌር ውስጥም ተመሳሳዩ ይገኛል። ሞኒተሩ 60 ከሆነ 60፣ 75 ከሆነ 75 ማድረግ። ኳስ ለሚጫወት፣ ጂቲኤ 5 ለሚነዳ በቂ ነው። በ144 ኸርዝ ሞኒተር ካውንተር ስትራይክ ተወዳድረው የሚጫወቱ ልጆች ከዚህ ጋር አይስማሙም፤ እኔም አልከራከራቸውም፣ ለእነሱ ትርፉ ፍሬም ጥቅም አለው። መግቢያ ገጹን ግን እነሱም ይገድቡት።

ኃይሉን ትንሽ መቀነስ

ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ከሚያስፈልጋቸው ትንሽ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ተሰጥቷቸው ነው፤ ከሁሉ ደካማው ቺፕ እንኳ ሳይንገዳገድ እንዲሠራ ታስቦ። ቺፑ የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ይሄዳል። ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁን 10 በመቶ ብንቀንስ የቺፑ ፍጆታ ወደ 19 በመቶ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። በአፍተርበርነር ውስጥ ኮንትሮልና ኤፍን አንድ ላይ ስንጫን የሚከፈተው ግራፍ ለዚህ ነው። በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ እያደረጉ ጌም ላይ መሞከር፤ ጌሙ ከወደቀ አንድ ደረጃ መመለስ። ቮልቴጅ ማነስ ጌሙን ይጥላል እንጂ ካርዱን አይገድልም።

ግራፉ ለከበደው «ፓወር ሊሚት» የሚለውን 80 ላይ ማድረግ ይበቃዋል። የሚጠፉት ፍሬሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ልዩነቱን አያየውም።

አቧራው የተደበቀበት ቦታ

ኬዙን ከፍቶ ከውጭ ብሩሽ ማስነካት ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም፤ ዋናው አቧራ ያለው ከፋኑ ሥር ነው። የፋኑ መክደኛ ተፈትቶ ሲነሳ፣ ስስ በሆኑት የአሉሚኒየም ክንፎች ላይ ልክ በፋኑ ቅርፅ ክብ ሆኖ የተጋገረ ግራጫ ነገር ይታያል። በጣት ጫፍ ሲያነሱት እንደ ተባዘተ ጥጥ አንድ ላይ ተያይዞ ይነሳል። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ አየሩ ግን ከዚያ አያልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈሩ ግንባታ ያለበት ወይም መንገዱ ያልተነጠፈ ከሆነ ይህ በየጥቂት ወሩ ይደገማል። ኬዙን መሬት ላይ አለማስቀመጥ፣ አየር በሚገባበት በኩል ስስ መረብ ማድረግ ብዙ ያግዛል።

ሲያጸዱ ፋኑን በጣት መያዝ ያስፈልጋል። ጥገና ቤቶች በብሎወር ሲነፉ ፋኑን ስለሚለቁት እያፏጨ ይሽከረከራል፤ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሲዞር ተሸካሚው (ቤሪንጉ) ይበላሻል። ማሽን ይዤ ስሄድ ይህን ቆሜ አያለሁ፣ እንዲይዙልኝም እለምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዳዲስ ካርዶች ቀዝቃዛ ሲሆኑ ፋናቸው ጨርሶ ይቆማል፤ ሙቀቱ ወደ 50 ወይም 60 ዲግሪ ሲጠጋ ብቻ ይነሳል። ፋኑ ስለቆመ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የኬዙን ጎን ከፍቶ መፈተን

ሙቀቱ ከካርዱ ይሁን ከኬዙ ለመለየት የምጠቀምበት ዘዴ አለኝ። ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ቦታ፣ የኬዙን የጎን ክዳን አውልቄ ድጋሚ እጫወታለሁ። ቁጥሩ ብዙም ካልወረደ ችግሩ ካርዱ ላይ ነው፤ አቧራ ወይም በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት መድረቅ። በግልጽ ከወረደ ግን ኬዙ ታፍኗል። ፋን መግዛት ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው፤ ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ። ክዳኑን እንደተከፈተ መተው ግን አልመክርም፤ አቧራውም የልጆች እጅም ይገባል።

ከፍታውና ክፍሉ

የካርድ ሙከራ ቪዲዮ አይተው «እዚያ 65 ነው የሚያሳየው፣ የኔ ለምን 74 ሆነ?» ብለው የሚጨነቁ አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ በሁለት ከተሞች የክፍሉ ሙቀት እኩል ሆኖ እንኳ የእኛው ካርድ ጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ ጤነኛ ነው። ደግነቱ አየራችን ቀዝቃዛ ነው፤ የከፍታውን ጉዳት ብርዱ ይክሰዋል። እዚህ ፋኑ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲነሳ ማድረግ ይጠቅማል።

ድሬዳዋ ሌላ ነው። ከፍታው ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይወፍራል፣ ግን ይሞቃል። ፋን ካርዱን ክፍሉ ውስጥ ካለው አየር በታች ሊያበርደው አይችልም፤ ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ መነሻችን 35 ነው። እዚያ ላሉ ጓደኞቼ ስለ ፋን አልነግራቸውም፤ ፍሬም መገደብና ቮልቴጅ መቀነስ ብቻ።

ክፍሉን የምንረሳው ነገር ነው። 170 ዋት የሚበላ ካርድ ከቀሪው ኮምፒውተር ጋር ተደምሮ 300 ዋት አካባቢ ይደርሳል፤ ያ ሁሉ የሚወጣው ክፍሉ ውስጥ ነው። በሩም መስኮቱም በተዘጋ ጠባብ ክፍል ሦስት ሰዓት ከተጫወቱ ካርዱ ያንኑ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። መስኮት ገርበብ ማድረግ፣ ኬዙን ከግድግዳ ማራቅ፣ ላፕቶፕን ከአልጋና ከብርድ ልብስ ላይ ማንሳት።

መብራት ድንገት ሲጠፋ የጋለ ካርድ ያለ ፋን ይቀራል ብለው የሚሰጉም አሉ። ኃይሉ ሲቋረጥ ሙቀት መፍለቁም አብሮ ስለሚቆም ይህ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ነው፤ ለእሱ ስታቢላይዘር።

ፔስትና ፓድ

ካርዱ ዓመታት ከቆየና በአማካይ ሙቀቱና በሆትስፖቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ25 ዲግሪ በላይ ከሰፋ፣ ፔስቱ ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም ብዬ እጠረጥራለሁ። ፔስት መቀየር ከባድ አይደለም። ጥንቃቄ የሚሻው በሜሞሪዎቹ ላይ ያለው ለስላሳ ፓድ ነው፤ ውፍረቱ በሚሊሜትር ተለክቶ ልኩ መገዛት አለበት። ግማሽ ሚሊሜትር ከወፈረ ሂትሲንኩ ከዋናው ቺፕ ይርቃል፣ ካርዱም ከበፊቱ የባሰ ይግላል። ፓዱ ካልተቀደደ ባይነካ ይሻላል።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ

መስከረም 15 ቀን 2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኢቴሪየም በግራፊክስ ካርድ መመረቱ አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በየአገሩ ገበያ ወጡ። መጥፎ ናቸው ብዬ አልደመድም፤ ቺፑ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚያልቀው ፋኑ ነው፣ ፓዱም ዘይት ያወጣል። ስለዚህ ሻጩ ጋ ስሄድ ጌም ወይም የጭነት መሞከሪያ አስከፍቼ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ፋኑን ወደ 100 በመቶ አድርጌ የሚንኳኳ ድምፅ እንዳለው አዳምጣለሁ፣ ከዚያ ሆትስፖቱን አያለሁ። ልዩነቱ ከሰፋ የፔስቱንና የጥገናውን ዋጋ ከመነሻው ላይ አስቀንሳለሁ፤ ፋኑ ከተንኳኳ ደግሞ ለዚያ ካርድ የሚሆን መለዋወጫ ፋን ገበያ ላይ መኖሩን ሳላረጋግጥ ገንዘብ አላወጣም።