አትቅደዱብኝ፤ ግን ንገሩኝ



የሟች ሰውነት እንደ ሕያው ሰው ክብር እንዳለው ተምረን ያደግን ነን። ስለዚህ በማዋለጃ ክፍል ልምምድ ላይ ሳለን፣ ልጁ ሞቶ የተወለደበት አባት «አትቅደዱብኝ፤ ግን ለምን እንደሞተ ንገሩኝ» ሲለን ገባን። ሁለቱንም መጠየቅ መብቱ ነው።

ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ጀናዛውን ሳይቀዱ በኤምአርአይ ውስጡን ያያሉ። ኤምአርአይ አጥርቶ የማያሳየውን ትንሽ ጽንስ ደግሞ አዮዲን ውስጥ ዘፍዝፈው ማይክሮ ሲቲ በተባለ ረቂቅ የራጅ መሣሪያ ያነሱታል። መዘፍዘፉ ግን ቀናት ይወስዳል፤ ቀብር ለሚያፋጥን ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም።

ምስል ሁሉን አይናገርም፤ ኢንፌክሽን ሊያመልጠው ይችላል። ደግሞስ በአገራችን ስንቱ ሆስፒታል ኤምአርአይ አለውና? የእንግዴ ልጁን መመርመር ግን ጀናዛውን ጨርሶ አይነካም፤ የሞቱ ምክንያት የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ለዚያ አባት ይህን ያነሳለት አልነበረም። እሱ ሲጠይቀን የእንግዴ ልጁ ተጥሏል።