«ቲቸር፣ ይሄ ኢንትራንስ ላይ አይመጣም»

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ታገሱኝ።

ሞጣ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ነው። ፕላዝማ ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር። ሂሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ እንግሊዝኛውም ከቴሌቪዥን ይመጣል። አስተማሪዋ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዛ «ጎበዞች!» ብላ ታልፋለች። ክፍሉ ውስጥ ግን የመለሰ ሰው የለም። እኛ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ለመገልበጥ እንሽቀዳደማለን።

ጆሯችን እንዳልሰማ ማንም አላወቀም፣ ማንም አልፈተነውማ! ኢንትራንስ ላይ እንግሊዝኛ ማለት ምንባብ፣ ሰዋስውና የቃላት ትርጉም ነው፤ ምርጫውን ማጥቆር ነው። የማዳመጥ ፈተና የለም። እኔም ጥሩ ውጤት አምጥቼ፣ ይኸው የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ቢቸና ተመደብኩ።

መማሪያ መጽሐፉ የማዳመጥ ትምህርት አለው። ጽሑፉ የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው፤ መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ሰምቶ ይመልሳል። እውነቱን ልናገርና ለዓመታት ዘልዬዋለሁ። ላስተምር ስልም «ቲቸር፣ ይሄ ኢንትራንስ ላይ አይመጣም» ይሉኛል። ምን ብዬ ልከራከር?

በ2011 አንድ ቀን እልህ ያዘኝና 10 የማንበብ፣ 10 የማዳመጥ ጥያቄ አወጣሁ። የማዳመጡን ጽሑፍ ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

ማታ ወረቀት ሳርም ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣው ልጅ በማዳመጥ ከ10 3 አመጣ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ በእንግሊዝኛ ደካማ የምንላት ልጅ ደግሞ 9! በማንበብ 2 ነው ያላት። ኮርጃለች አልኩ። ቆይ፣ ከማን? ከሷ በላይ ያመጣ የለም።

በማግስቱ ጠርቼ «እንዴት ነው ነገሩ?» አልኳት። አቀረቀረች። «ቲቸር፣ ሰሌዳው አይታየኝም። ወረቀቱም ይደበዝዝብኛል። ሲነገር ነው የምይዘው» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ለካ እስከዛ ቀን ስፈትን የኖርኩት እንግሊዝኛዋን ሳይሆን ዓይኗን ነው። አባቷን አስጠርቼ ነገርኳቸው፤ ጤፍ ሸጠው ባሕር ዳር አሳከሟት፣ መነጽር ገዙላት። አንደኛ አልወጣችም፤ ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር በማንበብ ከ10 6 አመጣች።

አንደኛ የሚወጣው ልጅስ? እሱ ላይ ራሴን አየሁት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእንግሊዝኛ ሌክቸር ሲሰጠው በምን ጆሮው ሊሰማ ነው? በኋላ ደግሞ በስልኬ የሌላ ሰው ድምፅ ከፍቼ ስፈትናቸው ከሁሉም ውጤት ወረደ። የለመዱት እንግሊዝኛውን ሳይሆን የኔን አነጋገር ነበር። ውጭ ለመማር አይልትስ የሚፈተን ልጅ እኮ ቅጂውን አንዴ ብቻ ሰምቶ 40 ጥያቄ ይመልሳል።

በአገር አቀፍ ፈተና ማዳመጥ ማስገባት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ መብራት አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፣ የተማሪው ብዛት አለ። ክፍል ውስጥ ግን የሚያስፈልገው የመምህሩ ድምፅና 10 ደቂቃ ነው። እኔ ከዛ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አልዘለልኩም። ልጆቹ አሁንም «ኢንትራንስ ላይ አይመጣም» ይሉኛል። «አውቃለሁ፤ ስሙኝ ብቻ» እላቸዋለሁ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው?