7 ኪሎ በእጅ፦ ከአንኮበር እስከ አሶሳ

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ጓዝ ነው። ጓዙ የአንኮበር ጓዝ ነው። የተጓዘው ግን በአውሮፕላን ነው።

እህታችን አሶሳ ትኖራለች። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከእኛ አገር በጣም ትርቃለች። እህታችን በጥቅምት ወር ወንድ ልጅ ወለደች። «አራስ ሳይጠየቅ አይቀርም» ብለው አክስታችን ተነሡ። አጎታችንም «እኔስ ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ!» አሉ። በመኪና እንዳይሄዱ መንገዱ ረጅምና አድካሚ ነው። አክስታችን ደግሞ የስኳር ሕመም አለባቸው። ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በየቀኑ በመርፌ ይወስዳሉ። ስለዚህ ቤተ ዘመዱ ገንዘብ አዋጣና የአውሮፕላን ትኬት ተቆረጠ። እኛም ተከትለን ሄድን።

ጎረቤላ የሚገኘው የአክስታችን ቤት በጓዝ ሞላ። የገንፎ ዱቄት አለ። በሶ አለ። የተነጠረ ቅቤ አለ። ማር በጀሪካን አለ። ጋቢ አለ። በዚህ ላይ አንድ ወፍራም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተጨመረ። አሶሳ ሞቃት አገር ናት። ብርድ ልብሱ እዚያ ምን ሊሠራ እንደሆነ እኛ አልገባንም። አክስታችን ግን «ይሂድ!» አሉ። ሄደ።

ትኬቱን የቆረጠልን ልጅ ደንቡን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶን ነበር። ጮክ ብለን አነበብነው። «በእጅ ይዛችሁ የምትገቡት አንድ ቦርሳ ነው። ክብደቱ ከ7 ኪሎ አይበልጥም። ቁመቱ 55፣ ወርዱ 40፣ ውፍረቱ 23 ሳንቲ ሜትር ነው። ሌላው ጓዝ ተመዝኖ ይጫናል» ይላል።

አጎታችን ሳንቲ ሜትሩን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉ። ቁመቱን በክንድ ለኩ። አንድ ክንድ ሆኖ ትንሽ አለፈ። ወርዱ ሁለት ስንዝር ያህል ሆነ። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ነው። «ይህማ ስልቻ አያህልም» አሉ። ጎረቤታችን እህል ነጋዴ ናቸው። ቦርሳውን ወስደን በእሳቸው ሚዛን መዘንነው። 11 ኪሎ ሆነ። ማሩና በሶው ከቦርሳው ወጡ። እንደገና መዘንን። ልክ 7 ኪሎ መጣ። ደስ አለን።

ይህ ደንብ ለአንኮበር ሰው እንግዳ አይደለም። አጎታችን በወጣትነታቸው ወደ አልዩ አምባ ገበያ በበቅሎ ይጭኑ ነበር። ቁልቁለቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የግራው ጭነት ከቀኙ ከበለጠ በቅሎዋ ታጋድላለች። በጠባቡ መንገድ ላይ ካጋደለች ደግሞ ገደል ነው። ስለዚህ ጫኝ ሰው ሁለቱን ጎን አንሥቶ ሳያመዛዝን አይጭንም።

ድሮም ጓዝ እዚህ ተራራ ግርጌ ደርሶ ይራገፍ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ሐሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የተነሣው በግመል ነው። መድፍና ጠመንጃ፣ ሌላም ብዙ ገጸ በረከት ይዟል። ግመል በረሃውን ይችላል። የአንኮበርን ዳገት ግን አይወጣም። ፋሬ ሲደርሱ ጭነቱ ከግመል ወረደ። ከዚያ በሰው ትከሻ ሽቅብ ወጣ። መልእክተኛም ቢሆን፣ ገጸ በረከትም ቢሆን፣ ማጓጓዣው የማይችለው አይጫንም።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ዘመዶች መናኸሪያ ጠበቁን። አንዷ ትኩስ ድፎ ዳቦ አመጡ። ሌላዋ የገብስ ቆሎ በከረጢት አመጡ። «ይህቺን ለአራሷ!» ይላሉ። ይህን እንዴት እንቢ ይሏል? ሁሉም እየታጨቀ ቦርሳው ውስጥ ገባ። ዚፑ በግድ ተዘጋ። ሚዛኑን ረሳነው። አውቶቡሱም አልከለከለን። አውቶቡስ ከላይ ሁሉን ይሸከማል። የጤፍ ጆንያም ይጫንበታል፤ በግም ይጫንበታል።

አውሮፕላን የተሳፈርነው ቦሌ ነው። መጀመሪያ ትልልቁ ጓዝ ተመዘነ። ማሩ፣ ቅቤው፣ ዱቄቱና ብርድ ልብሱ ቁጥር ያለው ወረቀት ታሰረባቸው። የዚያው ቁጥር ቁራጭ ለእኛ ተሰጠን። ይህ ቁራጭ አይጣልም። ጓዝ ቢጠፋ የሚፈለገው በእሱ ነው። የአጎታችንም ዱላ ወረቀት ታስሮለት አብሮ ሄደ።

ከዚያ ፍተሻ ላይ ቆምን። ከአጎታችን ኪስ ሴንጢ ተገኘች። ስለት ያለው ነገር ሁሉ በእጅ ተይዞ አይገባም። ካራም፣ ምላጭም፣ መቀስም ያው ነው። ከሚጫነው ጓዝ ጋር ብትሆን ትሄድ ነበር። ጓዙ ግን ቀድሞ ሄዷል። ሴንጢዋ እዚያው ቀረች። «ስንት ዓመት አብራኝ የኖረች!» አሉ። አሳዘኑን። ማንንም አልወቀሱም። እኛም አስቀድመን አልነገርናቸውም ነበር።

አሁን ስለ አውሮፕላኑ እንንገራችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የሄደውም ወደ ካይሮ ነው። በዚያ ዘመን ዳኮታ በሚባሉት አውሮፕላኖች ውስጥ ሰው በግራና በቀኝ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጭነቱ ከመካከል በገመድ ይታሰራል። ተሳፋሪ ጓዙን እያየ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ዛሬ እንዲህ አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ከሚበሩት አንዱ ኪው 400 የሚባለው ነው። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል። ሁለት ሞተር አለው። በየሞተሩ 6 ክንፍ ያለው መዘውር ይሽከረከራል። ከተሳፋሪው ራስ በላይ የዕቃ መደርደሪያ አለ፤ ግን ጠባብ ነው። ሌላው ጓዝ በአብዛኛው የሚጫነው ከጭራው በኩል ነው።

ክብደቱ ለምን ይቆጠራል? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፍን እንደ ቆላ አየር አያነሣም። ሞተሩንም ያደክመዋል። ስለዚህ ሰውም፣ ጓዝም፣ ነዳጅም ተደምሮ ይሰላል። ከፊትና ከኋላም ይመዛዘናል። አንዳንድ ጊዜ ተሳፋሪውን ከወንበሩ አንሥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። አጎታችን ይህን ሲሰሙ «በቅሎ ነዋ!» አሉ።

አውሮፕላኑ ሥር ደረስን። ሰው ተሰልፎ በደረጃው ይወጣል። አንዲት ሠራተኛ የአክስታችንን ቦርሳ አየችው። ሆዱ ተነፍቷል። «እናቴ፣ ይህ ከላይ አይገባም። ከኋላ ይጫንልዎታል። አሶሳ ሲወርዱ ይረከቡታል» አለቻቸው። አክስታችን «እሺ ልጄ» ብለው ሰጡ። ሠራተኛዋ ወረቀት አሰረችበትና ለጫኙ አቀበለችው።

ሁለት ደረጃ እንደ ወጣን ደነገጥን። መድኃኒቱ! ኢንሱሊኑም፣ መርፌውም፣ የሐኪሙ ወረቀትም ያለው እዚያ ቦርሳ ውስጥ ነው። ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ ይበላሻል። በጣም ከሞቀም ይበላሻል። ደግሞ ጓዝ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይቀርና በሌላ በረራ ይመጣል። ያን ቀን ማታ አክስታችን ምን ሊወጉ ነው?

እየሮጥን ወረድን። «መድኃኒት አለበት!» ብለን ጮኽን። ጫኙ ቦርሳውን መለሰልን። አስፋልቱ ላይ ከፈትነው። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ከኋላችን ሰልፉ ቆሟል። ድፎ ዳቦው ወጣ። ቆሎው ተበተነ። መድኃኒቱ ከሁሉ ሥር ተጨፍልቆ ተገኘ። ጠርሙሱ አልተሰበረም። ሠራተኛዋ አልተቆጣችም። እንዲያውም «ገንዘብና መነጽርም ካለ ያውጡ። የስልክ መሙያ ባትሪም ከኋላ አይጫንም፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በእጅ ይያዝ» አለችን። የእኛም ባትሪ እዚያው ውስጥ ነበረ። አወጣነው።

አክስታችን መድኃኒቱን በትንሽ ፌስታል ይዘው ተቀመጡ። እስክንወርድ ድረስ ከጭናቸው አላወረዱትም። አጎታችን በመስኮት የአባይን ሸለቆ ይፈልጉ ነበር። ደመና ሸፍኖት አላዩትም።

አሶሳ ሞቅታው ተቀበለን። ጓዙ ሁሉ በቁጥሩ መጣ። ዱላውም መጣ። የቅቤው ዕቃ ክዳን ግን ላልቶ ኖሯል። ቅቤው ፈስሶ ብርድ ልብሱ ጠጥቶታል። ብርድ ልብሱ ባይኖር ዱቄቱም በሶውም ተበላሽቶ ነበር። አክስታችን ዞር ብለው አዩን። እኛም መሬት መሬት አየን።

እህታችን ቤት ስንደርስ የመርፌው ሰዓት ደርሶ ነበር። አክስታችን ጥግ ይዘው ተወጉ። ከድፎው ቆርሰው ቀመሱ። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና «በሉ፣ አሁን ልጁን አምጡት» አሉ።